መልስ ከማስሸምደዳችን በፊት



ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። «መጽሐፋችሁ ከፈጣሪ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን «ወንጌልን የጻፉት ሰዎች ናቸው» የሚል መልስ ብቻ እናስታጥቃቸዋለን። ክርስቲያኑ ግን ይህን አይክድም። ሉቃስ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን መርምሮ እንደጻፈ በወንጌሉ መግቢያ ይናገራል፤ ጳውሎስም ለትንሣኤው ከ500 በላይ ምስክሮችን ይጠቅሳል። የእነርሱ ማስረጃ ምስክርነት ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ተአምሩ ቃሉ ራሱ ነው፤ ቁርአን በአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 23 ተጠራጣሪዎችን እርሱን የምትመስል አንዲት ሱራ እንዲያመጡ ይሞግታል።

ልዩነቱ እውነተኛ ነውና አንሸፋፍነውም። ነገር ግን ያልተባለውን መመለስ ማስረዳት አይደለም፤ ወዳጅነትንም ያሻክራል። አላህ በአል-ዐንከቡት ቁጥር 46 ከመጽሐፉ ባለቤቶች ጋር ባማረ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር አዝዞናል። የጴጥሮስ መልእክትም ክርስቲያኑ ለሚጠይቀው በየዋህነት እንዲመልስ ያዛል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችን የራሱን ማስረጃ ጠንቅቆ ይወቅ፤ የጓደኛውንም ሳያዛባ መናገር ይልመድ። ሐቅን የያዘ ሰው የሌላውን ቃል ማጣመም አያስፈልገውም።

ወላሁ አዕለም።