ቀድሞ የደረሰው ይክፈል፣ ያልደረሰውም ይጠይቅ

ሰኔ 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት ፈላጊዎቿን ስትመዘግብ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ። በአሥር ዘጠና፣ ማለትም አሥር በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በብድር ሊጨርስ፣ የተመዘገበው በወር 187 ብር፣ በሃያ ሰማንያ ባለ አንድ መኝታ የፈለገው 274 ብር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዝግ ሂሳብ መቆጠብ ጀመረ። ከእነዚያ ቆጣቢዎች ብዙዎቹ ዛሬም ተከራይ ናቸው። ያን ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፤ የእናቱ የቁጠባ ደብተር ጠርዙ ተልጦ፣ ከልደት ካርዱና ከውሃ ቢሉ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ለእሷ ነው። ዕጣ ለደረሳቸውና ከተማዋን ለሚያስተዳድሩም ጭምር ነው።

ኮንዶሚኒየም ሲባል አብዛኞቻችን «መንግሥት ሠራው» ብለን እናልፈዋለን። ገንዘቡን ግን እንከተለው። መሬቱን የሚያቀርበው ከተማው ነው። ለግንባታው ቦንድ አውጥቶ ለንግድ ባንክ ይሸጣል፤ ባንኩ ቦንዱን የሚገዛው መምህሩም ባለሱቁም ባስቀመጡት ገንዘብ ነው። ቤቱ ሲጠናቀቅ ዕጣ የወጣለት ባለዕድል ቅድመ ክፍያውን ከፍሎ፣ ቀሪውን ከባንኩ ተበድሮ ቁልፉን ይረከባል፤ የከተማውም የቦንድ ዕዳ በዚያው ልክ ይቃለላል። ጀሞም፣ ሰሚትም፣ የካ አባዶም፣ ኮዬ ፈጬም የተገነቡት በዚሁ መንገድ ነው።

ነገሩ ከዕቁብ አይለይም። ቀድሞ የወጣለት ሰው መክፈሉን ካቆመ፣ የሚጎዳው ሰብሳቢው ሳይሆን ዕጣው ያልደረሰው ነው። ቤቱን አከራይቶ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ የሚያቆይ ባለዕድል፣ ያቆየው ገንዘብ የማን እንደሆነ ያስብ። በወቅቱ እንዲከፍል የምጠይቀው የሌላ ሰው ጣሪያ እጁ ላይ ስላለ ነው። እውነት አቅም ያጠረውም ዝም ከማለት ባንኩ ሄዶ የክፍያ ጊዜው እንዲስተካከልለት ይነጋገር።

የከተማው አስተዳደር ግዴታ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ዕጣውን የሚታመን ማድረግ አለበት። 14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ዳታው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። መሰረዙ ትክክል ነበር። ቆጣቢው ላይ ያሳደረው ጥርጣሬ ግን በአንድ መግለጫ አይጠፋም፤ እምነት ያጣ ሰው ቁጠባውን ያቋርጣል፣ ያን ጊዜ ቦንዱ የሚቆምበት መሠረት ይሳሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ እውነት አለ፦ በቦንድና በብድር ብቻ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ቤት አይደርስም። ብድር ይመለሳል፤ ስለዚህ ሲሚንቶና ብረት በተወደደ ቁጥር የቤቱም ዋጋ ይወጣል፣ የሃያ ሰማንያው 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ራሱ ተራራ ይሆናል። ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ክፍያው ስለከበዳቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ደሳሳ ቤት የሚኖሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው የማይመለስ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ምንጩ ደግሞ አለ። ከተማው ከሊዝ ገቢ ይሰበስባል። ጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል። አስፋልት ደጃፍ ሲደርስ የቦታው ዋጋ በአንድ ጀንበር ይንራል፤ አስፋልቱን ያነጠፈው ግን የሁላችን ግብር ነው። ከዚያ ጭማሪ የተወሰነው ቤት ለሌለው ቢመለስ ፍትሕ ነው እላለሁ። ታክሱ በጡረታ የምትኖርን እናት ከአሮጌ ቤቷ የሚያፈናቅል መሆን የለበትም፤ ብዙ ቪላና ፎቅ ያለው ግን ይክፈል። ከሊዝና ከንብረት ታክስ ገቢዎች የታወቀ ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለአሥር ዘጠና ቤቶችና ከተማው ራሱ በአነስተኛ ኪራይ ለሚያከራያቸው ቤቶች ይመደብ። አርባ በመቶው ቀድሞ የሚቆጠብበት አርባ ስድሳ ከዚህ ድርሻ አይንካ፤ እዚያ የተመዘገበው በአንጻሩ አቅም አለው። በማኅበር መደራጀትም ከግል አልሚ ጋር በሽርክና መሥራትም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ግን ገንዘብ ላለው ሰው የሚቀርቡ መንገዶች ናቸው።

የከተማው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ወረዳችን ስብሰባ ሲጠራ «ምን ዋጋ አለው» ብለን አንቅር። ባለቤቱም ተከራዩም አብረን እንሂድና እጃችንን አውጥተን እንጠይቅ፦ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ቤት ለሚመጣው በጀት ዓመት ስንት ብር ተያዘ? ካለፉት ዙሮች ባለዕድሎች ስንት ተመለሰ? ተጀምረው የቆሙት ብሎኮች መቼ ያልቃሉ? ለምክር ቤት የወከልናቸውም ሰዎች መልሱን በቃል ብቻ እንዳይተዉት፣ ተጽፎ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እናድርግ።