የአንዳማን ሰዎች ፀጉር የሰጠው ምስክርነት

በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚገኙት የአንዳማን ደሴቶች ነባር ነዋሪዎች ቁመታቸው አጭር፣ ቆዳቸው እጅግ ጥቁር፣ ፀጉራቸው ከርዳዳ ነው። ይህን መልክ ያዩ የውጭ ሰዎች «አፍሪካውያን ናቸው» ለማለት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንዳንድ የድሮ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች እንዲያውም፣ ባሪያ ጭኖ ሲጓዝ ከተሰበረ የፖርቱጋል መርከብ የተረፉ ሰዎች ዘር አድርገዋቸዋል። የመርከቡ ተረት ዛሬ ተረስቷል፤ በእሱ ቦታ ግን ከአፍሪካ ወጥተው እንደ ጥንቱ ሳይለወጡ የቀሩ ሰዎች ናቸው የሚል እምነት ተተክቷል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የስሕተቱም ሥር አንድ ነው፤ መልክን የዘር ሐረግ ማስረጃ አድርጎ መያዝ።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ፀጉራቸው ራሱ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1908 በደሴቶቹ ባደረገው ጥናት የነዋሪዎቹን ፀጉር ሰብስቦ ነበር፤ ፀጉሩም ካምብሪጅ ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የፀጉር ቅርጽ የሰውን ዘር መለያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2003 ግን ተመራማሪዎች ቅርጹን ትተው ከዚያው ፀጉር ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አወጡ። ያገኙት ኤም የሚባለውን፣ በሕንድና በምሥራቅ እስያ የተስፋፋውን የእናት መስመር ነው። በአፍሪካ የበዙት የኤል መስመሮች አልተገኙም። አፍሪካዊ ሲያሰኛቸው የኖረው ፀጉር ውስጡ ሲነበብ እስያ አደረሰ። የፀጉሩን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፤ እንግሊዞች በ1858 ፖርት ብሌር ላይ የእስረኞች ሰፈር ካቋቋሙ ወዲህ በሽታ የታላቁ አንዳማን ሕዝብን ፈጅቶት በ1961 የቀሩት 19 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የአባት መስመርም ያንኑ ይናገራል። ከደሴቶቹ ነባር ሕዝቦች በሆኑት በኦንጌና በጃራዋ ወንዶች የተገኘው ዲ የተባለው መስመር ዛሬ በብዛት ያለው በቲቤትና በጃፓን ነው። አንድን ኦንጌ ከአንድ ጃፓናዊ ጎን አቁሞ ዝምድናቸውን ከመልካቸው ሊገምት የሚችል ማንም የለም።

የኤም መስመር ኢትዮጵያ ውስጥም አለ የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አለ። ነገር ግን የኢትዮጵያው ኤም1 ነው፤ የአንዳማኖቹ ኤም31 እና ኤም32 ናቸው። ሁሉም ከአንድ ግንድ በጥንት ጊዜ የተለያዩ ቅርንጫፎች ስለሆኑ መቀራረብን አያስረዱም። ጥቁር ቆዳም ቢሆን የሰው ልጅ ሁሉ ከጋራ ጥንተ አያቶቹ የወረሰው ነው፤ ፀሐይ በሚያቃጥልበት አገር ይዘውት መቆየታቸው አያስደንቅም።

በ2016 የወጣው የአሥር አንዳማናውያን ሙሉ ጂኖም ጥናት ነገሩን ዘጋው። የእስያና የፓሲፊክ ሕዝቦች ሁሉ ከአፍሪካ የወጡት በአንድ ፍልሰት እንደሆነ፣ አንዳማኖቹም ከዚያው እንደሚመዘዙ አሳየ። የቁመታቸው ማጠር ደግሞ የጥንት አፍሪካ ቅርስ አይደለም፤ የሰውነት መጠንን በሚወስኑ ጂኖች ላይ የበረታ የተፈጥሮ ምርጫ ያመጣው ነው። «ሳይለወጡ ቀሩ» የተባሉት ሰዎች የተለዩት በመለወጣቸው ነው።

መልክ ብቻውን ስለ ዘር ሐረግ የሚሰጠው ምስክርነት እንግዲህ አያስተማምንም። ስፔናውያን «ትንሹ ጥቁር» ለማለት ያወጡት፣ የፊሊፒንስን፣ የማሌዥያንና የአንዳማንን ነባር ሕዝቦች በአንድ ከረጢት የከተተው «ኔግሪቶ» የሚለው ስም ከመልክ በቀር መሠረት የለውም፤ ከመማሪያ መጻሕፍት ሊወጣ ይገባል።