መናገር ለማይችሉ ልጆች ስለሚገባው ትምህርት

የልጅ አንደበት ያልተፈታ እንደ ሆነ ልቡም ተዘግቷል ብሎ መፍረድ በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነውና ይግባኝ ሊባልበት ይገባል።

በሆሳዕና ከተማ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ ለሚጠራጠር ሁሉ ማስረጃው ከደጁ ነው። የአገራችን የጣት ፊደልም ብልህ ሥራ ነው፤ የጣቶቹ ቅርፅ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያመለክታል።

ነገር ግን እየሰማ የማይናገር፣ እጁም ለምልክት የማይታዘዝለት ልጅ አለ። ለእርሱ ሥዕል ወይም ፊደል ያለበት ገበታ ይዘጋጅለታል፤ በጣቱ፣ ጣቱ እንቢ ቢል በዓይኑ እያመለከተ ይናገራል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ቻርልስ ብሊስ የፈጠራቸውን ምልክቶች ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ማስተማር ተጀምሯል። በእኛ ፊደል 231ዱን ሁሉ በገበታ ላይ መፈለግ ያደክማል፤ አስቀድሞ ከ33ቱ አንዱን፣ ቀጥሎ ከ7ቱ ድምፆች አንዱን ቢያመለክት ግን 40 ሥፍራ ይበቃዋል። የቄስ ተማሪስ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን እየነካ ይቆጥር የለምን? በሆሳዕናና በዱራሜ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በላቲን ፊደል በሚጻፉት በሐዲይሳና በከምባትኛ ስለ ሆነ፣ ገበታውም እናቱ በምታናግረው ቋንቋ መሆን አለበት።

መምህሩ ሲናገር ራሱ በገበታው ላይ ያመልክት፤ ያላየውን ቋንቋ የሚናገር ልጅ የለምና። ጠይቆም ይታገሥ፤ መልሱ እስኪመጣ በልቡ እስከ አሥር ቢቆጥር ምንም አይጎድልበት።

አንዳንዶች በርኅራኄ የልጁን እጅ ይዘው ይመራሉ። ይህ ዘዴ በአሜሪካ አገር በ1990ዎቹ ዓመታት ተመርምሮ፣ የሚጻፈው ቃል የልጁ ሳይሆን የያዡ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ በችሎት የሰው ቃል ስጽፍ የኖርሁ ነኝና ይህን ነገር አጥብቄ እፈራዋለሁ፤ ያልተናገረው ቃል በስሙ ከተመዘገበበት ዝም ማለቱ በተሻለው ነበር።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እንዲህ ያለውን መግባቢያ ከቋንቋዎች ጋራ ይቈጥረዋል። ስለዚህ በገበታው ላይ «ውሃ» እና «ቆጮ» ብቻ አይሣልበት፤ «እንቢ»፣ «አመመኝ»፣ «እገሌ መታኝ» የሚሉትም ይኑሩበት። በማታም ከልጁ ጋራ ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ በመምህሩ ሣጥን አይቈለፍበት።