ወደ ወጌሻ አትስደዱት

የዋጃና የቆቦ እኩዮቼ፣ ደም የምታደርቁ፣ የተጣላ የምታስታርቁ ሽማግሎች፦ ዛሬ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ልጆች ጀርባ ነው። በዚህ ሜዳ አባት ልጁን ጤና ጣቢያ ከማድረሱ በፊት እኛን ያማክራል። «ወድቆ ነው፣ ይታሽ»፣ «ይተኮስ» ካልን ቃላችን ይፈጸማል። አጥንቱን የያዘው ቲቢ ከሆነ ግን እሽቱ ምስጥ የበላውን ምሰሶ መነቅነቅ ነው፤ ተኩሱም ወራት ይበላል።

አይስልም ብላችሁ አትዘናጉ፤ የጀርባ አጥንት ቲቢ ያለ ሳልም ይመጣል። ልጁ የወደቀ ዱላ ሲያነሳ እዩት። ወገቡን ሳያጥፍ፣ እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ ቁጢጥ ካለ ነገር አለ። የሌሊት ላብና መክሳት ከታከለበትማ ቀን አትቁጠሩ። በሽታው አከርካሪውን ከፊት ይበላዋል፤ ሲናድ ጀርባ ይጎብጣል፣ መግሉና ስባሪው ህብለ ሰረሰርን ይጫናል። ያኔ እግር ይዝላል፣ ሽንትም አልታዘዝ ይላል።

በጊዜ ለደረሰ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ክኒን ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ፣ 12 ወር። እኔን የሚያስፈራኝ በሦስተኛው ወር «ዳነ» ብሎ ልጁን ማሽላ ጥበቃ የሚመልሰው አባት ነው። እሱን የሚገሥጽ ከእኛ ሌላ ማን አለ?

ለዘገየው ኦፕራሲዮን አለ። መግሉ ይወጣል፣ የበሰበሰው ይጸዳል፣ ከጎድን ወይም ከዳሌ በተወሰደ አጥንት ይተካል፣ በብረትና በብሎን ይታሰራል። እጅግ ለጎበጡት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ብዙ ደክመዋል፤ አዲስ አበባ በማዘር ቴሬዛ ቤት ሕሙማን እያዩ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋና ላሉት ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሲልኩ ኖረዋል። አክራ ላይ ከባድ ጉብጠት ያለበት ልጅ ራስ ቅሉ ላይ ቀለበት ታስሮ፣ በክብደት እየተሳበ ሳምንታት ይቆያል፤ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎች ቀና ብለው ተመልሰዋል። «እንግዲያስ ጋና አለ» የሚል ግን እንዳይኖር! ያ ሥራ ራሱ እግር ሊያሳጣ የሚችል አደጋ አለው፣ ክኒኑንም አያስቀርም።

እግሩ የዛለ ልጅ ቢያመጡላችሁ ምክር አትጀምሩ። በቃሬዛ አስተኝታችሁ፣ ወገቡን ሳታጣምሙ፣ በዚያው ቀን ወልድያ ሆስፒታል አድርሱት።