ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አይጠይቅም
(በስኳር ድንች ሐረግ ላይ ስለሚታዩ የምግብ እጥረት ምልክቶችና ስለ እርማታቸው)

ስኳር ድንች በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሐረርጌ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ቤተሰብን የሚያሻግር ሰብል መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ማሳው ቢጫ መስሎ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ዩሪያ ጨምሩበት» የሚል ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን ከማኅበሩ በዱቤ ይወስዳል፤ ሐረጉም ይለመልማል። ቁፋሮ ሲደርስ ግን ከለምለሙ ቅጠል ሥር የሚወጣው ድንች ቀጭንና ጥቂት ይሆናል። ምርቱ ቢያንስም ዕዳው አይቀንስም። እኛ ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ያለውና የሌለው

ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ሌላ የተክል ምግብ የለበትም። ቀድሞ በስፋት ይሠራበት የነበረው ዳፕ በመቶ 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ነበረው። እርሱን የተካው ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ አለው። እንግዲህ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ፖታሲየም የለም። ስኳር ድንች ደግሞ ከናይትሮጅን ይበልጥ ፖታሲየምን ከማሳ የሚያወጣ ሰብል ነው፤ በቅጠሉ የተሠራው ምግብ ወደ ሥር ወርዶ እንዲከማች ፖታሲየም ያስፈልጋልና። ድንቹ ተቆፍሮ፣ ሐረጉም ለከብት ታጭዶ ሲሄድ ያ ሁሉ ምግብ አብሮ ይሄዳል።

የአገራችን አፈር ፖታሲየም አያጣም የሚለው እምነት ለብዙ ጊዜ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን እጥረት ያለባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን አሳይቷል። ናይትሮጅን ብቻውን ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን በሐረግና በቅጠል ላይ ያውላል፤ ሥሩም ሳይወፍር ይቀራል። ለመኖ ከሆነ መልካም ነው፤ ለማዕድ ከሆነ ግን ኪሳራ ነው።

ሐረጉን ከሥር እስከ ጫፍ መመርመር

የስኳር ድንች ሐረግ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ ለመርማሪ ይመቻል። አሮጌው ቅጠል ከተተከለበት አጠገብ፣ አዲሱ ደግሞ በሐረጉ ጫፍ ላይ ነው። አንዳንድ ምግብ ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ያቀብላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከሥር በኩል ይጀምራል። አንዳንዱ ምግብ ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል አይነቀልም፤ የእርሱ እጥረት በጫፍ ላይ ይታያል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቢጫው የት ላይ ነው?» የሚል መሆን አለበት።

1. ናይትሮጅን፦ ተክሉ በሙሉ ይገረጣል፤ ቅጠሉ ያንሳል፤ ሐረጉ አይሳብም፤ አሮጌው ቅጠል ወጥ በሆነ ሁኔታ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። እርማቱ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ነው፤ ዩሪያ ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱም በመጠኑ።

2. ፎስፈረስ፦ ቅጠሉ ትንሽና ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ አሮጌው ወደ ሐምራዊነት ያደላል። ኤንፒኤስ በተከላ ጊዜ ከሥር አጠገብ ሲገባ ይጠቅማል፤ ዘግይቶ በላይ ቢበተን ፋይዳው ጥቂት ነው።

3. ፖታሲየም፦ የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ ተለበለበ ይደርቃል። የእንጨት አመድና ኮምፖስት ይረዳሉ፤ እጥረቱ በአፈር ምርመራ ከተረጋገጠ ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨመራል።

4. ማግኒዥየም፦ በአሮጌው ቅጠል ላይ በጅማቶቹ መካከል ያለው ገላ ቢጫ ሲሆን ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። አመድና ኮምፖስት ይስማሙታል።

5. ብረት፦ አዲሱ የጫፍ ቅጠል ይነጣል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይሆናል። በኖራማ አፈር ላይ ይበዛል፤ እዚህ ላይ አመድ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል።

ረሃብ ያልሆነው ቢጫነት

ምግብ ያጣ ማሳ አብዛኛውን ጊዜ በቦታ በቦታ፣ ጎረቤታም ተክሎችን አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳያል። ቫይረስ ግን በጤነኞች መካከል አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ይይዛል፤ ቅጠሉን ያጣምማል፣ ያዥጎረጉራል፣ ተክሉንም ያቀጭጫል። ይህን ዩሪያ አያድነውም። በነጭ ዝንብና በክሽክሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበሽተኛ ቁራጭ ስለሚተላለፍ ተክሉን ነቅሎ ማስወገድና ለተከላ ጤነኛ ሐረግ መምረጥ ያስፈልጋል። ውኃ በቆመበት ማሳም ሥሩ አየር ስለሚያጣ ቅጠሉ ይገረጣል፤ መድኃኒቱ ቦይ ነው።

ከመግዛት በፊት መሞከር

አንዳንድ ባልደረቦች «ገበሬው የሚፈልገው ፈጣን መፍትሔ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያለውም ዩሪያ ነው» ይሉናል። ችግሩን እናውቃለን፤ የአንድ ሠራተኛ ክልል ሰፊ ነው፤ የአፈር ላቦራቶሪም ሩቅ ነው። ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው ሙከራ ላቦራቶሪም ገንዘብም አይጠይቅም።

በታመመው ማሳ ውስጥ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር በ5 ሜትር የሆኑ ሦስት ቦታዎችን በችካል ለዩ። በአንደኛው 125 ግራም ዩሪያ ጨምሩ፤ ይህ በሄክታር 50 ኪሎ ማለት ነው። በሁለተኛው 2 ኪሎ ያህል የተነፋ የእንጨት አመድ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ከአፈር ጋር ቀላቅሉ። ሦስተኛውን አትንኩት። ዩሪያና አመድ በአንድ ላይ አይደባለቁም፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይባክናልና። አፈሩ እርጥበት ይኑረው። ናይትሮጅን ጎድሎት ከነበረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታያል፤ የአመዱ ዘገም ይላል። የተበላሸው ቅጠል ስለማይመለስ የምትመለከቱት ከዚያ ወዲህ የወጣውን ነው። የመጨረሻው ፍርድ ግን በቁፋሮ ጊዜ ነው፤ የሦስቱን ቦታዎች ድንች ለየብቻ መዝናችሁ ለአባላት አሳዩ።

ለማኅበራት ያለን ምክር

ማኅበሩ የማዳበሪያ ፍላጎት ሲመዘግብ «ስንት ከረጢት?» ብቻ ሳይሆን «ለየትኛው ምልክት?» ብሎ ይጠይቅ። የየቤቱ አመድ በዝናብ ታጥቦ እንዳይጠፋ አባላት በደረቅ ቦታ እንዲያከማቹ ያድርግ። ጤነኛ የሐረግ መደብም ለብቻው ያቋቁም። ሙከራው የፖታሲየም ጉድለትን ካመለከተ የአፈር ናሙና አስመርምሮ ተገቢውን ማዳበሪያ ይጠይቅ፤ የማኅበራት ጥያቄ ካልቀረበ አቅራቢው የለመደውን ብቻ ያመጣል።

ዩሪያን አንነቅፍም፤ በቦታው ሲውል ጠቃሚ ነው። የምንነቅፈው ቅጠል ሳይገለጥ የሚታዘዘውን ዩሪያ ነው። ከከረጢቱ በፊት ሐረጉ ይመርመር፤ ገበሬው ዕዳ የሚገባው ማሳው ለጎደለው ነገር ብቻ ይሁን።