አያታችን አናጢም ነጋዴም ነበሩ

በቤተ ሰብ መካከል አንድ ሽማግሌ ባረፈ ጊዜ ሐዘንተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የሟቹን ስም ያነሣል፥ ደግነቱንም ያወራል። ነገር ግን በእጁ ምን ይሠራ እንደ ነበረ የሚናገር ጥቂት ነው። ይልቁንም ሥራው እንደ አናጢነት፥ እንደ ሸማኔነት፥ ወይም እንደ ብረት ቀጥቃጭነት ያለ የእጅ ሙያ የሆነ እንደ ሆነ፥ ዘመዶቹ ሌላውን ሁሉ ዘርዝረው ይህን ይዘሉታል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ገዛ አያቴ ነው፤ ይኸውም በእርሳቸው ቤት የተደረገው ክርክር በብዙ ቤት የሚደረግ ስለ ሆነ ነው።

አያታችን የተወለዱት በወሎ በወረኢሉ ነው። ወረኢሉ ከደሴ ወደ ደቡብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠች፥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን የጦር ሰፈር አድርገው የቆረቆሩአት ከተማ ናት። በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐድዋ በተዘመተ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት ወር እንዲከት የታዘዘው በዚችው ከተማ ነበር። የአያታችን አባት ያን ጊዜ ለዘማቹ ስንቅና የድንኳን ካስማ ይሸጡ እንደ ነበር በቤታችን ይነገራል። ከስንቁ ይልቅ ካስማው አተረፋቸው፤ ስንቅ ሻጩ ብዙ ሲሆን ካስማ የሚጠርበው ግን ጥቂት ነበረና። እንግዲህ ንግድና እንጨት በቤታችን የተገናኙት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

አያታችንም ለአካለ መጠን ሲደርሱ ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርገው ያዙ። ጨው፥ በርበሬና አቡጀዲ በበቅሎ ጭነው፥ በከለላ በኩል ወደ ቦረናና ወደ ወግዲ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ይወርዱ ነበር። ሌላው ነጋዴ ሲመለስ ጥጥና ማር ሲጭን፥ እርሳቸው ከጥጡ ጋር የዋንዛ ሳንቃ ይጭናሉ። ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ስለ ሆነ በወረኢሉ ብርድ እንደ ልብ አይበቅልም፤ በደጋው የሚገኙት ጽድና ወይራ ናቸው። የበቅሎዎቹ ጀርባ ባዶውን እንዳይመለስ ያሰቡት ይህ ዘዴ፥ ከሌሎች አናጢዎች የማይገኝ እንጨት በእጃቸው እንዲገኝ አደረገ።

ስለ እንጨት ጠባይ ያስተምሩን የነበረውን ሁሉ ልጽፍ ብል ይህ ገጽ አይበቃም። ጽድ ምስጥና ነቀዝ ስለማይደፍረው ለምሰሶና ለበር ይሆናል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ለመጥረቢያ እጀታ ይመረጣል። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፥ መልኩም የሚያምር ስለ ሆነ ለሳጥን፥ ለገበታና ለከበሮ ይስማማል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ብዙም አያምኑትም ነበር። እርጥብ ሳንቃ ከፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጫፍና ጫፉን በእበት ለቅልቀው ከጥላ ሥር ይደረድሩታል፤ ውሃው በጫፉ በኩል ፈጥኖ የወጣ እንደ ሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃልና።

ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ቀንበራቸው ነው። ገበሬ ቀንበር ሊያሠራ በመጣ ጊዜ፥ “በሬዎችህን ሳላይ አልጠርብም” ብለው ወደ እርሻው ይሄዱ ነበር። ጥንዶቹ በሬዎች በጉልበት እኩል ያልሆኑ እንደ ሆነ፥ ሞፈሩ በምራን የሚታሰርበትን ቦታ ከመካከል ጥቂት አሳልፈው ወደ ብርቱው በሬ ያስጠጉታል። ሸክሙ ወደ ብርቱው ያዘነብላል፤ ደካማውም እኩል ለመራመድ ይችላል። ፊደል ያልቆጠሩት አያታችን ይህን ያወቁት በሬ በማየት ብቻ ነው።

ንግዳቸውም ከእንጨቱ የተለየ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጨርቅ በክንድ ይለካ ስለ ነበረ ክንደ አጭር ነጋዴ ያተርፍ ነበር። አያታችን አጭር ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከጎረቤት እጅግ ረጅም የሆነውን ሰው ጠርተው በክንዱ ልክ የወይራ ዘንግ ቆረጡ፥ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያ ለኩ። “የሰው ክንድ ገበያ ሲወጣ ያጥራል፤ እንጨት ግን ባለበት ይኖራል” ይሉ ነበር። አያቴ ግን ስለዚህ ዘንግ ሳያጉረመርሙ የቀሩበት ጊዜ የለም፤ በየጥምዱ የሚጠፋውን ጨርቅ የሚቆጥሩት እርሳቸው ነበሩና።

ዱቤ የሰጡ እንደ ሆነ ደግሞ፥ አንዲት የጽድ እንጨት በብሩ ልክ ይከረክሙና ከመካከል ለሁለት ይፈልጡአታል፤ አንዱ ግማሽ ከእርሳቸው፥ ሁለተኛው ከተበዳሪው ዘንድ ይቀመጣል። ዕዳው ሲከፈል ሁለቱ ገጥመው ይታዩና ወደ እሳት ይጣላሉ። አንዱ ብቻውን ክርክም ቢጨምር ከሌላው ጋር አይገጥምምና ማታለል አይቻልም። ይህ የገጠር ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ራሱ እንደዚህ ባለው እንጨት ለብዙ መቶ ዓመታት ሒሳቡን ይዞ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 አቁሞታል። በ1834 አሮጌውን የሒሳብ እንጨት ሲያቃጥሉ እሳቱ አምልጦ ፓርላማቸውን አነደደው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው የመኪና መንገድ በደብረ ሲናና በኮምቦልቻ በኩል ስለ ተሠራ፥ በወረኢሉ የሚያልፈው የበቅሎ ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቤቱን ቀለብ የቻለው ይልቁን መጋዙ ነው። ለቤተ ክርስቲያን በር፥ ለመስጊድ ሚንበር፥ ለሙሽራ አልጋና ሳጥን ሠሩ። ወጣቶች ልጆቻቸው ግን ይህን ዘመን “አባባ የደኸዩበት ጊዜ” ይሉታል፤ እኔ እንዲህ አልለውም።

በ1965 እና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ላይ የወረደውን ረኃብ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አያታችን ረኃቡ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1970 ዓመተ ምሕረት አረፉ። ከተቀበሩ በኋላ ልጆቻቸው የዋንዛ ሳጥናቸውን ቢከፍቱ፥ በጠፍር የታሰረ የዱቤ እንጨት አገኙ። ታላቁ አጎቴ ደስ አለው፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ነውና እንሰብስበው አለ። እንጨቶቹን አንሥቶ ሊያነብ ቢሞክር ግን ክርክም አጣባቸው፤ ሁሉም እንደ መስተዋት ለስልሰው ነበር። በዚህ ጊዜ አያቴ ከመደባቸው ሆነው፥ “ልጄ፥ እነዚያ የስድሳ ስድስቶቹ ናቸው። በሬዎቻቸውን ለእህል የሸጡትን ሰዎች እንጨት ለይተው፥ አንድ ሌሊት ሙሉ በመላጊያ ሲልጉ አደሩ። ‘ካልላግሁት እኔ ስሞት ልጆቹ ይጠይቁባቸዋል’ አሉኝ” ብለው ነገሩት።

በሙት ዓመታቸው ስለ መቃብራቸው ድንጋይ ጽሑፍ ክርክር ተነሣ። አጎቴ “ታላቅ ነጋዴ” ተብሎ እንዲጻፍ ፈለገ፤ አናጢነታቸው እንዲነሣ ግን አልወደደም። ሴት ልጆቹን ሊድር የተዘጋጀበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ “የጠራቢ ልጅ” መባልን ፈራ። በአገራችን የእጅ ሠራተኛን መናቅ ሥር የሰደደ ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን አጥብቀው ቢከለክሉም፥ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ይሰማ የነበረው ይኸው ነው።

ክርክሩን የፈቱት ሁለት ሽማግሎች ናቸው። አንደኛው የነፍስ አባታቸው ሲሆኑ፥ “ጌታችን ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ነው፤ አንተ ከዚህ የሚበልጥ ቤት አለህን?” አሉት። ሁለተኛው ሚንበሩን ያሠሩት እስላም ጎረቤታችን ነበሩ፤ እርሳቸውም “በእኛም ዘንድ ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደ ነበሩ በሐዲስ ተነግሮአል” አሉ። አጎቴ ዝም አለ። በዚያው ቀን አንድ ገበሬ የዕዳውን ግማሽ እንጨት ከነክርክሙ ይዞ ብሩን ሊከፍል መጣ፤ የሚገጥመው ግን አልተገኘም። በድንጋዩም ላይ “አናጢና ነጋዴ” ተብሎ ተጻፈ፤ አናጢውም ፊተኛ ሆነ።

በየቤታችሁ አያት ወይም ቅድመ አያት ያላችሁ አንባብያን፥ “እንዴት ነዎት” ብላችሁ ብቻ አትነሡ። ሙያውን ከማን እንደ ተማሩ፥ እንጨቱን ከየትኛው ቆላ እንዳመጡ፥ በየትኛው ገበያ በስንት እንደ ሸጡ፥ የመሣሪያዎቹንም ስም አንድ በአንድ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። ባልቴቶቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባሎቻቸው በትሕትና ያልተናገሩትን እነርሱ ያውቃሉ። አሮጌ መላጊያና መሮ የተገኘ እንደ ሆነም ለቆራሌ አትስጡ፤ ብረቱን በኑግ ዘይት ወልውላችሁ ከደረቅ ቦታ አኑሩት።

የአያታችን መጋዝ ከብዙ መሞረድ የተነሣ ሁለት ጣት የማይሞላ ሆኖ ቀርቶአል፤ ዛሬ በመካነ ሰላም የእንጨት ሥራ ቤት ካለው ከአጎቴ ልጅ ዘንድ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የተላጉት እንጨቶች ከአያቴ ጋር ተቀበሩ፤ እርሳቸው ራሳቸው ያንን ተናዘው ነበር። የወይራው ዘንግ ለእኔ ደረሰኝ። በክንዴ ለክቼው አውቃለሁ፤ በሦስት ጣት ይበልጠኛል።