ወደ ቆላ የምታዘነብለው ኳስ

ደብረ ሲና ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ አንድ ፑል ቤት ነበር። በጣርማ በር አገር ደልዳላ መሬት ማግኘት ጭንቅ ነውና ቤቱም የቆመው ተዳፋት ላይ ነው። ጠረጴዛው እንዲስተካከል በታችኛው በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይና የተጣጠፈ ካርቶን ተደርጎበታል። ያም ሆኖ ቀስ ተብላ የተመታች ኳስ ጉልበቷ ሊያልቅ ሲል ጥቂት ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። «ወደ ቆላ ወረደች» እንል ነበር። የሰፈሩ ልጆች ይህን አመሏን ስለምናውቅ ስንመታ አንድ ጣት ያህል ወደ ደጋው በኩል እናደርጋለን። ሹፌሮቹ ግን አያውቁም።

ሹፌሮቹ የሚመጡት ጉም ሲወርድ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያን የቀደደው የጣርማ በር ዋሻ አፉ በጉም ሲደፈን ከደሴ የመጣውም ከአዲስ አበባ የመጣውም ጥጉን ይዞ ይቆማል። መንገድ እስኪገለጥ ሻይ ይጠጣል፣ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ስቲክ ያነሳል። ጉም በገባ ቀን ጨርቁ እርጥበት ይጠጣል፤ ኳሷ ትከብዳለች፤ ሩቅ የምትሄድ የመሰለችው መሐል ሜዳ ላይ ትቀራለች። 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ሲጫወቱ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ጨርቁ በሙቀት ደርቋል፤ የዳሩ ጎማ ግሏል፤ ትንሽ የነኳት ኳስ ትበራለች። ከደብረ ሲና ወርዶ በመጀመሪያው ቀን ያልተሸነፈ ልጅ አላውቅም። ኋላ ላይ ሳነብ በዓለም አቀፍ የከረንቡላ ውድድሮች ጠረጴዛውን ከሥር በኤሌክትሪክ እንደሚያሞቁት አወቅሁ። እኛ ያንን ልዩነት በእግራችን ወርደን፣ በእጃችን ተምረነዋል።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ የምታውቀው በአንድ ምልክት ብቻ ነበር። የስቲኩን ጫፍ የምንቀባበት ሰማያዊ ጠመኔ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይቀራል። ማታ ራት ስትሰጠኝ ያንን ካየች እጇ ይቆማል። «ደግሞ እዚያ ዱርዬ ቤት ገባህ?» ትለኛለች። አልፈርድባትም። ውስጡን አይታው አታውቅም፤ ከውጭ የምትሰማው ጩኸት ነው፣ የምታየው የሲጋራ ጭስ ነው።

ያ ቤት ግን ሕግ ነበረው። ባለቤቱ በመኪና አደጋ እግራቸውን የተጎዱ የቀድሞ ሹፌር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በካርቶን ላይ በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው፤ አስይዞ መጫወት ክልክል ነው፤ የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል። ያልተጻፈ አንድም ነበረ፤ የተሸነፈው ስቲኩን ለተረኛው በሁለት እጁ ያስረክባል። አንድ ምሽት ጉም ያቆመው ሹፌር መቶ ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ዳር ላይ አስቀመጠ። ጋሼ እያነከሱ መጡ፤ ብሩን አነሱና ኪሱ ውስጥ መልሰው ከተቱለት። «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ይሄ አይሠራም። ሻይህን ጠጣና ተጫወት» አሉት። ሰውየው አፍሮ ተቀመጠ፤ ተጫወተም። ቁጣን ሳያሰሙ ሰውን መግራት እንደሚቻል መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነበር ብል እዋሻለሁ። ቆላው ላይ ሌላ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ የአባቱን የሽንኩርት ሽያጭ በአንድ ከሰዓት ሲጨርስ ዓይኔ እያየ ነው። የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ስቶ ስቲኩን ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ቤት ቢዘጋ አላዝንም ነበር፤ በዘመቻ የተዘጋው ግን የጋሼም ነው።

ዛሬም በየከተማው ትምህርት ሲከፈት በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ አዋኪ ድርጊቶችን የማስወገድ ዘመቻ ይታወጃል። ዝርዝሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ጭፈራ ቤት፣ ፑል ቤት። ከትምህርት ቤት በር ላይ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ማንኛውም መዝናኛ መከፈት የለበትም፤ በዚህ ከዘመቻው ጋር ነኝ። የሚያሳዝነኝ ፑል ከሺሻ ጋር በአንድ ትንፋሽ መጠራቱ ነው። ሺሻ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ፑል ግን በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ አሥራ ስድስት ኳስና አንድ ዘንግ ነው።

ስሙ መጥፎ ሆኖ የቀረው በእኛ አገር ብቻም አይደለም። ፑል የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የጨዋታ ስም አልነበረም፤ ተጫዋቾች በጋራ የሚያዋጡት የውርርድ ገንዘብ ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ፑል ቤት ይባል የነበረው በፈረስ እሽቅድምድም ላይ ገንዘብ የሚያስይዙበት አዳራሽ ነው። ከአንዱ እሽቅድምድም እስከ ሌላው ያለውን ሰዓት ደንበኛው እንዲያሳልፍ ባለቤቶቹ የቢሊያርድ ጠረጴዛ አስገቡ። ሕዝቡ ግን ወንጀሉን ከፈረሱ ላይ አንሥቶ ከጠረጴዛው ላይ ጫነው። እንግዲህ የእናቴ ቁጣ ከደብረ ሲና ሳይነሣ፣ ባሕር ማዶ ካሉ ቁማርተኞች ተነሥቶ እኛ ቤት የደረሰ ነው ማለት ነው።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ያለው የይፋት ቆላ ከዚህ ጨዋታ ጋር ያለው ዝምድናም ከእኔ ዕድሜ ይረዝማል። ሰው ሠራሽ ኳስ ከመምጣቱ በፊት የቢሊያርድ ኳስ የሚጠረበው ከዝሆን ጥርስ ነበር፤ ከአንድ ጥርስ የሚወጣው ደግሞ ጥቂት ኳስ ብቻ ነው። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከይፋቱ የአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ ከነበረው የነጋዴ ጭነት አንዱ ይኸው የዝሆን ጥርስ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ተጠርቦ በለንደን ወይም በፓሪስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተንከባሎ ይሆናል ብሎ ማሰብ ስህተት አይመስለኝም። ዝሆን እያለቀ ሲሄድ አንድ የኒው ዮርክ የቢሊያርድ ድርጅት የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ለሚያገኝ 10,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ጆን ዌስሊ ሀያት የሚባለው ሰው በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሴሉሎይድን ወደ መሥራት የደረሰው ይህንን ሲሞክር ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ከዚያ ሙከራ ጋር ይዛመዳል።

ሌላም ልጨምር። ጂኦግራፊ የተማረ ሁሉ ነፋስና የባሕር ሞገድ በምድር መሽከርከር የተነሣ አቅጣጫ እንደሚስቱ ሲነገረው የኮሪዮሊስን ስም ሰምቷል። ይህ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው ስለ ቢሊያርድ ኳስ አዟዟር ነው። ኳሷን ከመሐሏ ከፍ፣ ዝቅ ወይም ወደ ጎን ብትመታት ምን እንደምትሆን በሒሳብ አስቀምጧል። የሰፈሬ ልጆች ያንን መጽሐፍ አላዩም፤ ነገር ግን ነጯን ከሥሯ መትተው ወደ ኋላ ሲመልሷት የሚሠሩት ሥራ እሱው ነው።

እኛ አገር ከጣሊያን ቋንቋ ስሙን የወሰደው ከረንቡላ ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። ከረንቡላ የተከበረ ነው። ጡረተኞች ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ ቡና አዝዘው፣ በጸጥታ ይጫወቱታል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ከዳማ፣ ከዳርትና ከገመድ ጉተታ ጋር ተሰልፎ ዋንጫ ይሸለምበታል። ፋብሪካዎች ተጫዋች ይልኩበታል፤ ጋዜጣ ውጤቱን ይዘግባል። ፑልና ከረንቡላ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ስቲክ፣ ያው ዓይን። አንዱን ሽማግሌዎች ስለያዙት ስፖርት ሆነ፤ ሌላውን ወጣቶች ስለያዙት አዋኪ ተባለ። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ለወጣቱ ያለን ግምት ነው።

ባለፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ልጅ ሆነን የምንወርድባቸውን ቤቶች ፈለግሁ። አንደኛው የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ሁለተኛው ውስጥ ጠረጴዛው አሁንም አለ፤ ኮምፔንሳቶ ተደርጎበት ልባሽ ጨርቅ ተደርድሮበታል። የቤቱ ባለቤት «ድንጋዩ ስለሚከብድ ማንም አላነሣው አለኝ» አለችኝ። በፑል ጠረጴዛ ላይ ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስድስት ሰው ካልተሸከመው አይነቃነቅም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ሲደርስ ከቤቱ ብዙ ነገር ተወስዷል፤ ስቲኮቹም ጭምር። ድንጋዩ ቀረ።

ለምን እንደዘጋችው ስጠይቃት ብዙ ነገረችኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀን በዚያ ሙቀት ስቲክ የሚይዝ ሰው የለም፤ ጨዋታው የሚደምቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ምሽት ምሽት አልሆነም፤ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። የጨርቁና የኳሱ ዋጋ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በአንድ ጨዋታ ክፍያ የሚመለስ አልሆነም። ከሁሉ በላይ ያነሣችው ግን የውርርድ ቤቶቹን ነው።

ይህንን ሁላችንም አይተናል። ከሎተሪ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እየወሰዱ የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከአዲስ አበባ እስከ ትንንሽ የገበያ ከተሞች ተከፈቱ፤ ቆየት ብሎ አዲስ አበባ ላይ በዘመቻ ሲዘጉ ውርርዱ ስልክ ውስጥ ገባ። ወጣቱ በስሙ እንኳ የማያውቀው የአውሮፓ ክለብ ጥግ ምት ስንት እንደሚሆን ገምቶ የቀን ሥራ ገንዘቡን ያስይዛል። ሲበላበት ለምን እንደተበላበት አያውቅም፤ እጁ አልሳተም፣ ዓይኑ አልሳተም። ፑል ላይ የተሸነፈ ልጅ ግን የት እንደሳተ ያውቃል። ማታ ተኝቶ ያቺን አንግል ደግሞ ደጋግሞ ያያታል፤ በነጋታው ያስተካክላታል። የመማር ትርጉሙ ይኸው ነው። አሜሪካኖቹ ከ150 ዓመት በፊት በውርርድ ቤት ውስጥ ፑል አስገብተው የፑልን ስም አጠፉ፤ እኛ ደግሞ ፑሉን አስወጥተን ውርርዱን አስቀረን።

ልባሽ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ጎን ቁጭ ብሎ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ ፑል ይጫወታል። በጣም ጎበዝ ነው። ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ሳብ አድርጎ ይለቃል፤ ኳሱ ይገባል። ከተቀመጠበት ክንድ ያህል ርቀት ላይ እውነተኛ ጠረጴዛ እንዳለ ነገርኩት። ሳቀ፤ አላመነኝም።

ሌላ አገር እንዲህ አልሆነም። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ በልጅነቱ ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት ያድግ፣ ማታ ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። እሱም በብር ተጫውቷል፤ የእሱም ቤት በዱርዬነት የሚታይ ነበር። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አገሩ እንደ ጀግና ተቀበለችው። ቻይና ውስጥ ዲንግ ጁንሁይ በ2005 (እ.ኤ.አ.)፣ ገና 18 ዓመት እንደሞላው፣ ስቴፈን ሄንድሪን ቤጂንግ ላይ አሸንፎ የፑል ዘመድ በሆነው በስኑከር ዋንጫ ሲያነሣ አገሩ በቴሌቪዥን ተከታተለው። ልጆች ተከትለውት ገቡ፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ዣኦ ሺንቶንግ የስኑከር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለጨዋታው ብርሃንና ወንበር፣ አሠልጣኝና የውድድር ቀን ተሰጥቶታል።

የእኛ ከተሞች የወጣቶች ስብዕና ግንባታ ማዕከላት አሏቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ጠረጴዛው አለ፤ ጨርቁ ተቀድዶ፣ አንድ ኳስ ጎድሎት ጥግ ላይ ተቀምጧል። የምጠይቀው ትንሽ ነው። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ፑልን ከአዋኪ ዝርዝር ወደ ውድድር ዝርዝር ያዛውረው። የጋሼ ሦስት ሕጎች ግድግዳው ላይ ይለጠፉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ አራት አራት ልጅ ይምጣ፤ አንዱን ዙር ደጋ ላይ በጉም፣ ሌላውን ቆላ ላይ በሙቀት ይጫወቱት። በሰላሙ ጊዜ ይህ መንገድ ሰው የሚገናኝበት ነበር፤ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተራ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ተራ መጠበቅን የለመደ ልጅ ያስፈልገናል።

ሴትዮዋን ከመሰናበቴ በፊት ልባሹን ገለጥ አድርገን፣ ኮምፔንሳቶውን አንሥተን ድንጋዩን አየነው። አልተሰነጠቀም። ውኃ ልክ ከጎረቤት ግንበኛ ተውሰን አስቀመጥንበት፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። ኳሶቹን ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ አሥራ አራት ናቸው፣ አራት ቁጥርና አሥራ አንድ ቁጥር ጠፍተዋል። የሚጎድለው ጨርቅ፣ ሁለት ኳስና ስቲክ ነው። ለጨርቁ እኔ አዋጣለሁ ብያታለሁ። ቀሪውን የሚሞላ የይፋት ሰው ካለ፣ ቤቷ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ልባሽ የተደረደረበት ነው።